ግራ ትከሻ

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ሃያ ዓመት ስቀመጥ የተሰደብኩትን እንጂ የተመሰገንኩትን አላስታውስም። ስለዚህ ወረፋዋን ጠብቃ የደረሰችው ሴትዮ፣ "ካርድ አልፈልግም፣ የምፈልገው እርስዎን ነው" ስትለኝ ለጠብ የመጣች መሰለኝ።

የወንድ ኮት ለብሳለች፤ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋዋለች። ስትናገር ጣቶቿ አያርፉም፤ ባዶ አየር ላይ ክር ይጠመጥማሉ።

"ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባለቤቴን ይዤ መጥቼ ብቻዬን ስወጣ፣ ካርዱን ልመልስ እዚህ ቆሜ ሳለቅስ፣ 'አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ' አሉኝ። እስካሁን ያቆመችኝ ያቺ ቃል ናት።"

ግራ ገባኝ። እኔ ለሰው "ቀጣይ!" እንጂ "አለሁልሽ" ብዬ አላውቅም።

"ከሌላ ሰው ጋር ተምታትቼብሽ ይሆናል፣ እህቴ" አልኳት።

"ኧረ እርስዎ ነዎት! ይኼን ትከሻ እንዴት እረሳለሁ?" ብላ ከፌስታል ውስጥ ግራጫ ሹራብ አወጣች። "በእጄ ነው የሠራሁት። እስቲ ይልበሱት።"

ለበስኩት። ቀኝ ትከሻው በልኬ ነው፤ ግራው ግን ወደ ላይ ተቆልሎ ቀረ። የተሠራው ትከሻው ለተንጋደደ ሰው ነበር።

ያኔ ገባኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዚያ ሰሞን ሚስቴ ታማ ቤት ተኝታ ስለነበር፣ ስልኩን በግራ ጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ሰክቼ ቀኑን ሙሉ 'አይዞሽ' እያልኩ የማጽናናው እሷን ነበር። ስልኩን የመስኮቱ ፍሬም ጋርዶት መሆን አለበት።

ሴትዮዋ አንገቷን አስግጋ፣ "ልክዎ ነው?" አለችኝ። ጣቶቿ አሁን ቆመዋል።

"ልክክ ብሏል" አልኳት፣ ግራ ትከሻዬን ከፍ አድርጌ።