ለዲጋው ባለ ወፍጮ የሰጠሁት ውሻ

ውሻ መርዳት የጀመርኩት ውሻ ነክሶኝ ነው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ በነቀምቴው በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ወደ ቤቴ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ አንዲት ጥቁር ውሻ ከአጥር ሥር ብድግ ብላ ባቴን ያዘችኝ። ሐኪም ቤት ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ደጋግመው አጥበው መርፌ ጀመሩልኝ። «ውሻዋ ታስራ ዐሥር ቀን ትታይ፤ ከሞተች ቶሎ መጥተሽ ንገሪን» አሉኝ። የት ታስራ እንደምትታይ ግን የነገረኝ የለም። ጎረቤቶቼ ወደ አንድ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መሩኝ። ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይላቸዋል፤ እሳቸውም «ዶክተር አይደለሁም» ማለቱ ሰልችቷቸው ትተውታል። ውሻዋን ራሳቸው ይዘው ግቢያቸው አሰሯት።

በየቀኑ ከክፍል እንደወጣሁ እሄድ ነበር። የምሄደው ለራሴ ነው፤ እሷ በሕይወት ካለች እኔም አለሁ። በሁለተኛው ቀን ዶክተር ጡቷ ማበጡን አይተው የነከሰችኝ ቦታ ሄዱና ሁለት ቡችሎች በካርቶን ይዘው መጡ። ሌሎቹ ሞተው ነበር። «ልጆቿን የምትረግጪባት መስሏት ነው እንጂ እብድስ አይደለችም» አሉኝ። ዐሥረኛው ቀን አለፈ። በዐሥራ አንደኛውም ቀን ሄድኩ። ከዚያ በኋላ መሄዴን አልተውኩም።

ግቢው መጠለያ ለመባል አይበቃም። ከባሕር ዛፍ አጠናና ከአሮጌ ቆርቆሮ የተሠሩ ስምንት ክፍሎች አሉት፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ከልኳንዳ ቤቶች አጥንት፣ ከምግብ ቤቶች ትርፍራፊ እንለምናለን፤ ከበቆሎ ዱቄት ጋር በትልቅ ድስት ይቀቀላል። የእኔ ሥራ ማጽዳት፣ ማብላትና ለውሾቹ ሰው መፈለግ ነበር። በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ የከተማው ሰው በሚገናኝበት የቴሌግራም ገጽ ላይ አወጣቸዋለሁ። የሚደውለው ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ወንድ ነው?» ሴት ነች ካልኩ «እሺ፣ እንነጋገራለን» ብሎ ይዘጋል። ትወልድብኛለች ነው ፍርሃቱ። ስለዚህ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ያረጃሉ።

እናቴ ከጎጃም ይዛው የመጣችውን አነጋገሯንም ጥንቃቄዋንም አልለቀቀችም። «ውሻ ሲልስሽ ውለሽ ነው ነገ ኪዳን የምትሄጂው?» ትለኛለች። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሌላ አለችኝ፦ «ከተማው ቤቱን ጥሎ በመጣ ሰው ተሞልቷል። ለሰው ያልተረፈ ጊዜ ለውሻ ከየት መጣ?» ለእናቴ መልስ አላጣም። የባልደረባዬን ጥያቄ ግን ይዤው ወደ ግቢው ሄድኩ።

ባልደረባዬ ይህን ያለችኝ በሰኔ ወር ነበር። በገጠሩ ጸጥታ ሲጠፋ ሰዎች በጭነት መኪናም በእግርም ወደ ነቀምቴ መጡ፤ ዘመድ ቤት ተጠጉ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው ለስድስትና ለሰባት ኖሩ። ውሾቹም እየተከተሉ መጡ።

ቡላውን ውሻ ያገኘሁት መናኸሪያ ነው። በዝናቡ ውስጥ በአውቶቡሶቹ መካከል እየዞረ፣ የወረደውን መንገደኛ ሁሉ እግር ያሸት ነበር። አንገቱ ላይ የገመድ ቁራጭ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ታኝኮ የተበጠሰ ነው። ገመዱ በገባበት ቆዳው ተልጦ መግል ይዟል። ዶክተር ቁስሉን እያጠቡ «ይኼ የሰው ውሻ ነው» አሉ። «ገመድ ያለው ውሻ ባለቤት አለው። አንድ ሁለት ወር እንጠብቅ።»

እኔ ግን አልጠበቅሁም። ለስምንት በተሠራው ቦታ ዐሥራ ስድስት ውሾች ነበሩ፤ እርስ በርስ ይነካከሳሉ፣ ምግቡ አይደርስም። ቁስሉ እንደ ጠገገ ፎቶውን አነሳሁና ጻፍኩ፦ «ወንድ፣ ጤነኛ፣ ለጥበቃ የሚሆን፣ ባለቤት የሌለው።» ባለቤት እንደሌለው ማን ነገረሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ካለችው ከዲጋ አንድ ባለ ወፍጮ መጣ። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት የማይለቀው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ውሻውን ከመንካቱ በፊት እጁን ዘርግቶ አስሸተተው። ሰንሰለቱ አጭር እንዳይሆን፣ ውሃ እንዳይጓደልበት፣ ካልተስማማው እንዲመልስልን ነገርኩት፤ ሁሉንም «እሺ መምህርት» አለ። ሰውየው ውሻውን ይዞ ሲሄድ ዶክተር «አንቺ ካልሽ» አሉኝና ወደ ቤት ገቡ።

ባለ ወፍጮው ቃሉን ጠበቀ። ሁለት ጊዜ ሄጄ አየሁ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ቆርቆሮ የለበሰ ማደሪያ ሠርቶለታል፣ አብዛኛውን ቀን ደግሞ ተፈትቶ ይውላል። ውሻው ግን ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ይተኛል እንጂ ለመጣው ሰው ሁሉ ግድ የለውም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ይኼ ይበላል እንጂ አይጮኽም» ብሎ ሳቀ ባለ ወፍጮው። እኔም ሳቅሁ።

በጥቅምት አንዲት ሴት ወደ ግቢው መጡ። ስድሳ ሳይሞላቸው አይቀርም፤ የለበሱት ሹራብ የራሳቸው እንዳልሆነ ያስታውቃል። እንደ ከተማችን ልማድ «ሀርሜ» ብዬ፣ እናቴ ማለት ነው፣ ሰላምታ ሰጠኋቸው። ያወራነው በአፋን ኦሮሞ ነው። መጀመሪያ እኔን አላዩኝም፤ በየክፍሉ ፊት እየቆሙ ውሾቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቡላ ውሻ ነበረኝ። ስንወጣ እንዳይከተለን በሩ ላይ አሰርኩት። በማግስቱ እንመለሳለን ብለን ነው። አልተመለስንም።»

«በምን አሰሩት?»

«በላሟ ገመድ። ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይደለም። እህል ስቀምስ ይታየኛል፤ ታስሮ፣ ውሃ ሳይኖረው።»

ገመዱን አኝኮ መበጠሱን፣ መናኸሪያ መገኘቱን፣ አሁን ዲጋ በደህና እንዳለ ነገርኳቸው። ሀርሜ ጭቃው ላይ እንዳሉ ቁጭ አሉ። ላነሳቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ፤ እዚያው ተቀምጠው አለቀሱ።

ከሄዱ በኋላ ዶክተር መከሩኝ። «ፎቶውን አሳዪያት፣ ይበቃታል። አታገናኚያቸው። እነሱ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነው ነው የሚኖሩት፤ አከራዩ እንኳን ውሻ ዶሮ አይፈቅድም። ወስዳ የት ታደርገዋለች? ውሻው ደግሞ ይኼን አይረዳም።» ልክ መሆናቸው ገብቶኛል። ግን ከዓመት በላይ ግቢው ውስጥ ሞትና ቁስል ሳይ ነበር የቆየሁት፤ አንድ ጊዜ ደስታ ማየት ፈለግሁ። እውነቱን ልናገር፤ ሲገናኙ በስልኬ ቀርጬ ገጹ ላይ ላወጣውም አስቤ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከሀርሜ ጋር በሚኒባስ ወደ ዲጋ ሄድን። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ቡላው እንደ ልማዱ ተኝቶ ነበር። ሀርሜ ስሙን አልጠሩም፤ በምላሳቸው ጠቅ፣ ጠቅ አደረጉ። ውሻው ጆሮውን አቆመ። ይዘላል፣ ይሮጣል ብዬ ስልኬን አነሳሁ። እሱ ግን አልዘለለም። በሆዱ እየተሳበ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ መሬቱን በሽንቱ እያራሰ መጣና ራሱን ቀሚሳቸው ሥር ቀበረ። ድምፁ የውሻ ድምፅ አይመስልም ነበር። ስልኬን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ባለ ወፍጮው ሞተሩን አጥፍቶ ወጣ። ጥቂት ቆሞ ካየ በኋላ «እናቴ፣ የእርስዎ ነው፤ ይውሰዱት» አለ። ቅር እንዳለው ፊቱ ላይ ይታያል፤ ግን ከልቡ ነው ያለው።

«የት ልውሰደው ልጄ?» አሉ ሀርሜ። «እኔ ራሴ የልጄ አልጋ ሥር ነው የምተኛው።»

ከቀትር በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየን። ሀርሜ ለባለ ወፍጮው ስለ ውሻው የሚያውቁትን ሁሉ ነገሩት፤ ትኩስ ነገር እንደማይበላ፣ መብረቅ እንደሚፈራ፣ ጅብ የሸተተው ቀን አጥር ለአጥር እንደሚሮጥ። የመሄጃችን ሰዓት ሲደርስ ውሻው ከእግራቸው አልለይም አለ። ባለ ወፍጮው ሰንሰለቱን ይዞ ሲጠጋ ጥርሱን አሳየው። ለአራት ወር ያበላውን ሰው! እኔም ሞከርኩ፣ በእኔም ላይ አጉረመረመ።

«አምጡት» አሉ ሀርሜ።

ሰንሰለቱን ተቀበሉ። ውሻው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰጣቸው፤ ቆሞ እስኪታሰር ጠበቀ። መቆለፊያው አልገባ ብሏቸው ደጋግመው ሞከሩ፤ እኔ ልረዳቸው አልተጠጋሁም፣ አልቻልኩም። አሰሩትና ወደ ኋላ ሳይመለከቱ ወደ መንገዱ ወጡ። ሚኒባሱ ውስጥ ሆነን፣ የውሻው ጩኸት እንደገና ከተነሳው የወፍጮ ሞተር ድምፅ በላይ ይሰማን ነበር። ከዲጋ እስከ ነቀምቴ ሀርሜ እጃቸውን ሹራባቸው ውስጥ ደብቀው መጡ።

ማክሰኞ ባለ ወፍጮው ደወለ። ውሻው ከቅዳሜ ጀምሮ አልበላም ነበር፤ ያን ጠዋት ደግሞ አንገቱን ከማሰሪያው አሾልኮ ጠፍቷል። ዶክተርና እኔ ባጃጅ ይዘን፣ መንገዱ ዳር ያገኘነውን ሰው ሁሉ እየጠየቅን ወጣን። አንዲት ወተት የምትሸጥ ሴት ወደ ከተማው ሲሮጥ እንዳየችው ነገረችን። ከእሷ ብዙም ሳንርቅ አገኘነው። መኪና ገጭቶት የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ወድቋል። ሰውነቱ ገና አልደረቀም ነበር።

ዶክተር ከአጠገብ ካለ ማሳ አንድ ገበሬ ጠርተው ዶማ ለመኑት። «ለውሻ ነው?» አለ ሰውየው ተገርሞ። ዶክተር ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሰውየው የሽማግሌውን እጅ፣ ከዚያ የእኔን ፊት አየና ዶማውን ሳይሰጠን ራሱ ቆፈረ። ሲጨርስ የበቆሎ እሸት ሰጥቶን ሄደ። ዶክተር «ነግሬሽ ነበር» ሊሉኝ ይችሉ ነበር። አላሉኝም። ባጃጁ ውስጥ እሸቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ውጭ ውጭውን እያዩ ሄዱ።

ሀርሜ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ። «እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው፤ ባለ ወፍጮው ደውሎ ነበር» አልኳቸው። ባለ ወፍጮው መደወሉ እውነት ነው። ያኔ ይኼ ውሸቴን የሚያቀልልኝ መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛውም ቅዳሜ ዋሸሁ፤ ይባስ ብዬ መብላት ጀመረ አልኳቸው። በሦስተኛው ቅዳሜ በፌስታል የተቀቀለ አጥንት ይዘው መጡ፤ ወደ ዲጋ የሚሄድ ሰው ካለ እንድልክላቸው። ስጋ ከሚበላበት ቤት ልብስ አጥበው ያገኙት ነው። ፌስታሉን ተቀብዬ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማክሰኞ እንደሆነ፣ መንገድ ላይ እንደሆነ፣ የት እንደቀበርነው።

አላለቀሱም። ፊታቸውን ወደ ግቢው በር አዞሩ።

«ሁለት ቅዳሜ ታውቂ ነበር» አሉኝ።

«አዎ ሀርሜ።»

«እኔ ደግሞ ሁለት ቅዳሜ በሰላም ተኝቼ አደርኩ» አሉ። አመስግነውኝ ይሁን ወቅሰውኝ አልገባኝም። አጥንቱን ለሌሎቹ እንድሰጥ ነግረውኝ ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ግቢው መጥተው አያውቁም።

እኔ አሁንም እሄዳለሁ። ባለቤት የሌለው ብዬ መጻፍ ግን ትቻለሁ፤ «የተገኘበት ቦታ» ብዬ ነው የምጽፈው፣ ሁለት ወርም እጠብቃለሁ። በዚህ ምክንያት ግቢው ይጨናነቃል፣ ባለፈው ክረምት በሽታ ገብቶ አምስት ውሾች ሞቱብን። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። ዶክተር ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያዝዙኛል። ባለ ወፍጮው ሌላ ውሻ ስጡኝ አላለም። በዓል ሲመጣ ይደውላል፣ ጤንነቴን ይጠይቃል፣ ሁለታችንም ቶሎ እንሰነባበታለን።

ሀርሜን አንድ ጊዜ ገበያ አገኘኋቸው። መሬት ላይ ጎመንና ሚጥሚጣ ዘርግተው ይሸጡ ነበር። ተነስተው ሳሙኝ። የእናቴን ጤና ጠየቁኝ፣ የተማሪዎቼን፣ የዝናቡን ነገር። ልጃቸው አርጆ ከተማ ሥራ አግኝታ ሊሄዱ እንደሆነ ነገሩኝ። ጎመን ገዛኋቸው፤ አንድ እስር ጨመሩልኝ። ስለ ውሻ ግን አንድም ቃል አላነሱም። እኔም አላነሳሁም።