ገጹ ያልተገኘ ዓረፍተ ነገር

ኤልዳ ሃንስኮም በኬንድሪክ ድልድይ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የጉምሩክ ፈታሽ ሆና ሠርታ ጡረታ ወጣች፤ ፍተሻው ግን ከእሷ አልወጣም። በወር ሁለት ረቡዕ ጠዋት፣ አንዱን በእኛ በአሜሪካኖቹ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ከወንዙ ማዶ በካናዳዎቹ ከተማ በሴንት ኦስዊን የምናደርገውን የሕዝብ ውይይት ሃያ አንድ ዓመት መርታለች። እኔ ወንበር እደረድራለሁ፣ ዶናት አመጣለሁ። አፍ የለኝም ማለት ግን አይደለም።

የምንወያየው ስለ ሦስት ነገር ነው፤ ስለ ዋሽንግተን ፖለቲካ፣ መንግሥታት እርስ በርስ ስለሚያደርጉት ድርድር፣ እና ስለ ሁለቱ ከተሞች የድሮ ጸሐፊዎች። ሦስቱን ምን አገናኛቸው የሚል ሰው እዚህ ኖሮ አያውቅም። ዋሽንግተን በእንጨት ላይ ቀረጥ ስትጥል የሚዘጋው የኛው መሰንጠቂያ ነው፤ ማዶ ያሉት ሲያኮርፉ ባዶ የሚሆነው የኛው ሱቅ ነው። ክርክሩ ሲከር ደግሞ ሁለታችንም የምንጠቅሰው አንዲት የሞተች ሴት ነው።

ሊናገር የተነሳ ሰው መጀመሪያ ኤልዳን ማለፍ አለበት። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ምን ይዘህ መጣህ?» ትለዋለች። መልሱ ከሦስት አንዱ ነው፤ ያነበብኩት፣ የሰማሁት፣ ወይም የራሴ። ሳያስመዘግብ የሚናገር ይቀመጣል። ፀጉር አስተካካዩ ቨርጂል ስፕራግ አንድ ቀን ስለ ምርጫው ሲያወራ፣

«ይሄ እንኳ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው» ቢላት፣

«ሠላሳ አንድ ዓመት ድልድዩ ላይ ቆሜ፣ ሁሉም ሰው የሚባል ሰው አልፎ አያውቅም። ተቀመጥ» አለችው።

የሞተችው ሴት ፓሸንስ ሊትልፊልድ ናት። የመርከብ አዛዥ ሚስት ነበረች። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አሜሪካና ያኔ ካናዳን ትገዛ የነበረችው እንግሊዝ ሲዋጉ፣ ሁለቱ ከተሞቻችን አንዲት ጥይት ሳይተኳኮሱ እንዴት እንዳለፉት በዕለት ማስታወሻዋ ጽፋለች። ከማስታወሻዋ ሕፃን ሳይቀር በቃሉ የሚያውቀው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ጎረቤትህን ከፈራህ አጥር አትሥራ፤ ድልድይ ሥራና ማን እንደሚሻገር ቆመህ እይ።» አገረ ገዢ ጠቅሶታል። የዓሣ ማስገሪያ ውል ሲፈረም የሁለቱም አገር ተደራዳሪዎች ጠቅሰውታል። እኔ ራሴ በእህቴ ሠርግ ላይ ጠቅሼዋለሁ፣ ምን አገናኘው አትበሉኝ።

ባለፈው መስከረም ሁለቱ ከተሞች ይህንን ዓረፍተ ነገር በድልድዩ ሁለት ጫፍ በድንጋይ ላይ ሊያስቀርጹ ተስማሙ። ሥራውን የያዘችው የሴንት ኦስዊን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሞሪን ደብሪሴ ለኤልዳ ደብዳቤ ጻፈች። «ከድንጋዩ ግርጌ የማስታወሻው ገጽ ቁጥር ይገባል። ፈልጌ አጣሁት። ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በጋዜጣ ያወጡት እርስዎ ስለሆኑ፣ ገጹን ቢነግሩኝ» ይላል።

ኤልዳ ገጹን ልትነግራት አትችልም ነበር። ገጽ የለውማ። በሃያ ሦስት ዓመቷ የከተማው ጋዜጣ ስለ ድልድዩ ሃምሳኛ ዓመት አጭር ጽሑፍ አዘዛት፤ ከፓሸንስ አንድ ጥቅስ ይግባበት አሏት። ማስታወሻውን ገለጥ ገለጥ አድርጋ የሚሆን ነገር አጣች፤ ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ራሷ ጻፈችና በሟቿ ስም አሳለፈችው። በሚቀጥለው ሳምንት ላርመዋለሁ አለች። በሚቀጥለው ሳምንት አገረ ገዢው ጠቀሰው። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ያርማል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛው ሃምሳ አንድ ዓመት አደረ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ያየሁት ዶናት መብላት ማቆሟን ብቻ ነው። ገጹን ረሳሁት ብትል ማን ይጠይቃት ነበር? ማንም። ግን ሃያ አንድ ዓመት ሰውን ያላስመዘገብከውን አትናገር እያለች አስቀምጣለች። ይህ ከታወቀ እንኳን ወንበሩ ስሟም አይተርፋትም። ብትዋሽ ደግሞ ውሸቱ በድንጋይ ይቀረጻል፣ ያውም ሠላሳ አንድ ዓመት ሻንጣ ስታስከፍት በኖረችበት ድልድይ ላይ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ረቡዕ ማዶ ነበር የተሰበሰብነው፣ አርባ ያህል ሰው። ከኤልዳ ወንበር አጠገብ የተቀመጠው የካናዳዎቹ ሰብሳቢ ጋርፊልድ ማክቪካር ነው፤ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር፣ ግማሹን ከተማ ያስተማረ። ኤልዳ ግን እንደ ሌላው ቀን ቁጭ ብላ አልጀመረችም፤ ቆመች።

«ዛሬ የማስመዘግበው ዕቃ እኔ አለኝ» አለች። «የፓሸንስን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማስታወሻው ውስጥ የለም። ኖሮም አያውቅም።»

 እኔ ተናደድኩ፤ ዛሬም እናደዳለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመት ዝም ብሎ የኖረ ሰው ሌላ ሃያ ዝም ቢል ምን ነበረበት? የእህቴ ሠርግ ትዝ አለኝ።

ቨርጂል ብድግ አለ። ስንት ጊዜ ያስቀመጠችው ሰው ሊያድናት ተነሳ። «ጉዳዩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ» አለ። «የምትደግፉ?»

የአርባውም ሰው እጅ ወጣ። ቨርጂል ኮቱን አነሳ።

«እንግዲህ ማን ይጀምር?» አለ ጋርፊልድ።

«ምኑን?» አለ ቨርጂል።

«ውይይቱን ነዋ።»

«ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ብለናል እኮ፣ ጋርፊልድ።»

«ታዲያ ጠረጴዛ ላይ የቀረበ አይበላም?»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በኛ በኩል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ማለት ይቆይ፣ ባጭሩ ይረሳ ማለት ነው። ማዶ ደግሞ አሁኑኑ ይቅረብና እንነጋገርበት ማለት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ስንት ቀልድ ቀልደንበታል። ግን ሰው ሲደነግጥ የሚሰማው የናቱን ቤት ቃል ነው። እኛ ልንቀብረው፣ እነሱ ሊገልጡት አንድ ላይ እጃችንን አወጣን።

«ድምፅ ተሰጥቷል» አለች ኤልዳ። «ቁጭ በል፣ ቨርጂል።»

ከኋላ ረድፍ ሞሪን ተነሳች። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?» አለቻት ኤልዳ፣ ከልማድ።

«የራሴን» አለች ሞሪን፤ የምታየው ግን ጋርፊልድን ነበር። «አስራ ስድስት ዓመቴ ሳለሁ፣ ሚስተር ማክቪካር፣ እርስዎ ክፍል ውስጥ አንድ ጽሑፍ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ የፓሸንስ ሊሆን አይችልም አልኩ። በእሷ ዘመን ድልድይ አልነበረም፤ ሰው የሚሻገረው በጀልባ ነበር። ማስታወሻው ውስጥም የለም አልኩ። ዜሮ ሰጡኝ።»

 «በቀይ የጻፍኩት ነገር ነበር?» አለ ጋርፊልድ።

«ነበር። ‹የበለጠ በጥንቃቄ አንብቢ› ይላል። አነበብኩ። ከዚያ ወዲህ አስራ አንድ ጊዜ። ማንበብ የማልችል እኔ ነኝ ብዬ ነበር።»

ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ስትጠብቅ የኖረች ናት። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ጋርፊልድ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል።

ኤልዳ የውይይቱን መዝገብ ሳበችና ጻፈች። ሰው ሁሉ እስክትጨርስ ጠበቀ። ከዚያ በመካከላችን አልፋ እስከ ኋላ ረድፍ ሄደችና መዝገቡን ለሞሪን ዘረጋችላት። አጠገቧ ስለነበርኩ አነበብኩት፤ «ዓረፍተ ነገሩ በማስታወሻው ውስጥ የለም። ሞሪን ደብሪሴ ትክክል ነበረች። ጥፋቱ የኔ ነው።» ከሥሩ ፈርማለች፣ ድልድዩ ላይ ትፈርም የነበረውን ፊርማ።

ሞሪን አነበበችው። ቀና ብላ መዝገቡን እየመለሰችላት፣ «ያነበቡት ነው፣ የሰሙት፣ ወይስ የራስዎ?» አለቻት።

ኤልዳ መነጽሯን አወለቀች።

«ያነበብኩት ነው። በነዚህ ሦስት ሳምንታት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሁለት ጊዜ። ሙሉውን ሳነበው በዕድሜዬ ገና የመጀመሪያዬ ነው።» መዝገቡን አልተቀበለችም። «ምናልባት የሆነ ገጽ ላይ ይኖር ይሆናል ብዬ ነበር።»

«እኔም» አለች ሞሪን።