ሰፌድ ላይ የለቀምናቸው ጥይቶች

ባለፈው ቅዳሜ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ ከተከራየኋት ክፍል ፊት ለፊት ሰርግ ነበር። ሙሽሮቹ ሲገቡ ርችት ተተኮሰ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰው እልል ሲል እኔ እቆጥር ነበር። ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ።

አባዬ መካኒሳ አቦ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ነበር። ፈቃድ ያላት ትንሽ ሽጉጥ ነበረችው። እናቴ ከሞተች በኋላ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን፤ እሱ ብዙ አያወራም፣ እኔ ዝም አልልም። በበጋ፣ እሁድ እሁድ፣ ሽሯችንን በልተን ስንጨርስ ጥይቶቹን ሰፌድ ላይ አፍስሶ በረንዳው ላይ ያስቀምጥና «ነይ፣ ልቀሚ» ይለኛል። ልክ እንደ ምስር። አረንጓዴ ዝገት የያዘውን ለብቻ፣ ጫፉ የሚነቃነቀውን ለብቻ። ቂጡ ላይ የሽጉጥ መርፌ ጠባሳ ያለበት ተሞክሮ የከሸፈ ነው፤ እሱንም ለብቻ። የነሐሱ ሽታ ከእጄ እስከ ማታ አይለቅም ነበር።

አንድ እሁድ ከደህናዎቹ ሦስት መርጦ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለና ላዩ ላይ «ለሞላ» ብሎ ጻፈበት።

«እነዚህ ስሞት የሚተኮሱልኝ ናቸው» አለ። እሱ ተወልዶ ባደገበት ጎጃም ለሟች ይተኮሳል።

ጋሼ ሞላ ታናሽ ወንድሙ ነው። በአባታቸው መሬት ተጣልተው ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም።

«ከሱ ጋር ተኳርፋችሁ የለ እንዴ?»

«ለዚያ ነው። በእኔ ጥይት ሲተኩስ ይቅር እንዳልኩት ያውቃል።»

«ስልክ አለ እኮ አባዬ። ደውልለት።»

«ይሄ በስልክ አይሆንም።»

«ዝገቱን የምለቅመው እኔ፣ የሚተኩሰው እሱ?»

«ሴት ልጅ ታለቅሳለች እንጂ አትተኩስም።»

በማግስቱ ሥራ ሲሄድ ጨርቁን ፈታሁ። ደህናዎቹን አውጥቼ ሦስት የከሸፉ ጠቀለልኩበት። እልህ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሲበርድልኝ እመልሳለሁ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አባዬ ሥራ ቦታ ወድቆ ሞተ።

ሽጉጧንና የተረፉትን ጥይቶች ፖሊስ ጣቢያ አስረከብን፤ ደህናዎቹም አብረው ሄዱ። ጨርቁን ሣጥን ውስጥ ያገኘው ጋሼ ሞላ ራሱ ነው። የአባዬን ቃል ስነግረው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። እዚህ ከተማ መተኮስ ስለማይቻል፣ «ለአርባው ሀገሩ ላይ፣ በራሴ ሽጉጥ እተኩስለታለሁ» አለ። የለወጥኩትን ሳልነግረው ጨርቁን ይዞ ሄደ።

ከአርባው በኋላ ደወለ።

«ሦስቱም ከሸፉ፣ ልጄ። ሰው ሁሉ እያየ። ወንድሜ ይቅር አላለኝም።»

«ብሎሃል ጋሼ።»

ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ይደውላል። በየበዓሉ «ይቅር ብሎኝ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፣ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ። ከሱ ሌላ «እንኳን አደረሰሽ» የሚለኝ ዘመድ የለኝም።

ቅዳሜ ርችቱ ሳያባራ እኔ ደወልኩለት።

«ምንድነው እዚያ የሚተኮሰው?» አለ።

«ሰርግ ነው። ጋሼ፣ ጥይቶቹን የለወጥኳቸው እኔ ነኝ። አባዬ የመረጠልህ ደህናዎቹን ነበር።»

ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል። ስድብ ጠበቅኩ።

«እንግዲያ የከለከለኝ እሱ አልነበረማ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ስምንት ዓመት ሙሉ የአንድን ሰው ወንድም ይዤበት ኖሬያለሁ፤ አሁን መለስኩለት። ለእኔ ምን እንደቀረልኝ ገና አላውቅም። እንቁጣጣሽ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ስልኬን ቻርጅ አድርጌ እጠብቃለሁ።