አይጥ በደረት ኪስ

ሰፈርተኛው በሙሉ «የአይጥ አባት» ይለዋል። እሱም አይከፋውም። ስንት ልጅ አለህ ሲሉት «ከባለቤቴ ሦስት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሰባት መቶ» ብሎ ይመልሳል።

ሥራው በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት የሚኖሩትን ነጫጭ የሙከራ አይጦች መንከባከብ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰጋቱራ ቀይሯል፣ ውሃ ሞልቷል፣ ሳጥን አጥቧል። የአንድን አይጥ የነገ ጉንፋን ዛሬ ከጭራው አቀማመጥ ያነባል፤ ቢያንስ እሱ እንዲህ ይላል፣ የተከራከረውም የለም። ሚስቱ በበኩሏ ድመት ታሳድጋለች። ማታ ከሥራ ሲገባ ድመቷ ሱሪውን እያሸተተች እስከ መኝታ ቤት ትከተለዋለች።

«ከአንቺ ይልቅ እኔን ትወዳለች» ይላታል።

«አንተን ሳይሆን የዋልክበትን ነው» ትለዋለች።

ኑሮው እንዲህ በሰላም ሲገፋ አንዲት ወጣት ዶክተር መጣች። የምታጠናው የደም መመረዝን ነው። በመጀመሪያው ቀን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ አስረዳችው።

«ጋሼ፣ ሰውነታችን ከውልደት ጀምሮ አብረውት ያሉ ዘበኞች አሉት። ተቀባይ እንላቸዋለን፤ ሴሎቻችን ላይ የተተከሉ ናቸው። ጀርም ሲያዩ ይጮኻሉ።»

«ደግ አደረጉ።»

«ደግ ነው፣ መጮኹን ማቆም ካላቃታቸው። አንዳንዴ ያቅታቸዋል። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ዱላ ይዞ ይወጣና ሌባውን ትቶ የባለቤቱን በርና መስኮት ይሰባብራል። ብዙ ጊዜ ሰውየውን የሚገድለው ሌባው ሳይሆን የረዳቶቹ ብዛት ነው።»

የአይጥ አባት ራሱን ነቀነቀ። «የባለቤቴ ወንድም ማለት ነው። ቧንቧ ተንጠባጠበ ብዬ ብጠራው ግድግዳውን አፍርሶልኝ ሄደ።»

«የኔ መድኃኒት እንግዲህ የዘበኛውን አፍ ያዝ አድርጎ ‹በቃ፣ ሰምተናል› የሚል ነው።»

አርባ አይጦች ጀርም ተሰጥቷቸው ታመሙ። ሃያዎቹ መድኃኒቱን፣ ሃያዎቹ ባዶ የጨው ውሃ ተወጉ። ሳጥኖቹ ላይ ቁጥር ብቻ ተለጠፈ፤ ማን ምን እንደተወጋ የሚያውቀው በተቋሙ ኃላፊ ካዝና ውስጥ የተቀመጠ አንድ የታሸገ ፖስታ ብቻ ነበር። መመሪያው የመጨረሻው መስመር ላይ «ተገቢው እንክብካቤ ይደረግላቸው» ይላል። በስሌቱ መሠረት የጨው ውሃ ከተወጉት አብዛኞቹ መሞት ነበረባቸው።

ከአርባው ሠላሳ ዘጠኙ ዳኑ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደሰት ነበር። ዶክተሯ ግን ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ሁሉም ከዳነ መድኃኒቷ ምን ሠራ? ጀርሙን ጠረጠረች፣ መርፌውን ጠረጠረች፣ ሚዛኑን ጠረጠረች፣ በመጨረሻ የአየሩን ጠባይ ሳይቀር ጠረጠረች። ሐሙስ ደግሞ ኮሚቴው ይሰበሰባል። «ልዩነት ካላሳየሁ መድኃኒቱ ወደ ማቀዝቀዣ፣ እኔም ወደ ቤቴ» አለችው።

ረቡዕ ጠዋት ከወትሮው ቀድማ ምድር ቤት ወረደች። የአይጥ አባት ባልዲው ላይ ተቀምጧል። የጋውኑ የደረት ኪስ ይንቀሳቀሳል።

«ጋሼ፣ ኪስዎ ውስጥ ያለው ምንድነው?»

«ቁጥር አሥራ አራት።»

«አሥራ አራት እዚያ ምን ይሠራል?»

«አሁንም ይበርደዋል።»

በእጁ በጠብታ መስጫ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይዟል። ዶክተሯ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «ስንቱን ነው እንዲህ ያደረጉት?»

«ኩርምት ያለውን ሁሉ። ተገቢ እንክብካቤ ነው የተባልኩት።»

«ጋሼ፣ አይጦቹን አድነው እኔን ገደሉኝ።»

ክው አለ። እንደ ልጁ ነበር የሚያያት። «ደብቄ እኮ አይደለም ልጄ፣ ጽፌዋለሁ» አለና ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን ደብተር አወረደላት። ሃያ ሁለት ዓመት በየቀኑ ጽፏል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ገልጦ አያውቅም፤ ከደብተሮቹ አንዱ ለሚንገዳገድ ጠረጴዛ እግር ሆኖ ነበር።

ዶክተሯ ገለጠች። «ቁጥር ስድስት፦ በላ፣ ተጫወተ። ቁጥር አሥራ አራት፦ ኪስ፣ ለሁለት ሰዓት። ቁጥር ዘጠኝ፦ በላ። ቁጥር ሠላሳ፦ ኪስ፣ ጠዋትም ማታም።» ቀስ እያለች ታነብ የነበረችው መፍጠን ጀመረች። ከዚያ ደብተሩን እንዳቀፈች ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች።

ፖስታው ተከፈተ። ኪስ የገቡት ሃያ አንድ ነበሩ። ከመድኃኒቱ ወገን ሦስት፣ ከጨው ውሃው ወገን አሥራ ስምንት። መድኃኒቱን የተወጉት አብዛኞቹ ኪስ ሳያስፈልጋቸው ነበር የዳኑት። የአይጥ አባት ማን ምን እንደተወጋ ሳያውቅ፣ ለማንም ሳያደላ፣ የበረደውን ብቻ ነበር ያነሳው።

ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ የወረደ አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር ወረቀቱን አገላበጡ።

«‹ኪስ› የሚባለው መለኪያ ምንድነው?»

«ጆሮው ቀዝቅዞ፣ ጀርባው ጎብጦ፣ ጠርቼው ዞር ካላለ ኪስ ይገባል፣ ጌታዬ።»

«አይጥ ሲጠሩት ይዞራል?»

«ጤነኛ ከሆነ ለምን አይዞርም?»

የደኅንነት ኃላፊዋ የታመመ አይጥ በደረት ኪስ መዋሉን ስትሰማ ውሃ ጠይቃ ሦስት ብርጭቆ ጠጣች። ፕሮፌሰሩ ግን ወደ ዶክተሯ ዞሩ። «ይሄ ማስረጃ አይባልም። ፍንጭ ግን ነው፤ ፍንጭ ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይከተትም። ድገሚው። በዚህኛው ዙር ሁሉም እኩል ይሙቁ፣ እኩል ውሃ ያግኙ። ሆስፒታል ያለ በሽተኛም እኮ ብርድ ላይ ተጥሎ መድኃኒት ብቻ አይሰጠውም።»

ለሁሉም የሚበቃ ማሞቂያ ሳጥን ተገዛ። ለአይጥ አባት ደግሞ፣ በደኅንነት ኃላፊዋ ብርቱ ትእዛዝ፣ ኪስ የሌለው ጋውን ተሰፋለት። ለሳምንት አኮረፈ። ቤት ሲገባ ድመቷ አንዴ አሸተተችውና ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች።

«ምን አድርገሃት ነው?» አለች ሚስቱ።

«ሹመቴን ተገፍፌ ነው።»

ሁለተኛው ዙር ሰኞ ተጀመረ። ማክሰኞ ጠዋት ደብተሩን ሲያወርድ የትናንት ጽሑፉን አገኘው፦ «ቁጥር ሦስት፦ ጆሮው ቀዝቃዛ። ኪስ ስለሌለኝ ማሞቂያው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተውኩት።» ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በሐኪም ጽሕፈት፣ እሱም እንደምንም ገምቶ ያነበበው አንድ መስመር ነበር፦ «አይቻለሁ ጋሼ። ሲጠሩት ዞረ?»

መነጽሩን አስተካከለና መልሱን ከመጻፉ በፊት ሄዶ ቁጥር ሦስትን ጠራው።