ኖራና ውሃ

ጉለሌ ውስጥ ያሰሩን በቀበሌው መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ ቁስልና እርጥብ ግድግዳ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ የሰው እግር ረገጥኩ። የተረገጠው ሰው፣ «ምንም አይደል፣ ግባ፣ ቦታ አይጠፋም» አለኝ። የኬሚስትሪ መምህር ነበር። በምን እንደታሰረ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። እዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

ጠዋት ጠዋት ያስተምረን ነበር። ሰሌዳ የለ፣ ጠመኔ የለ፣ በቃሉ ብቻ። የእንጦጦ ብርድ ስለማያስተኛን ሁለት ሁለት እየሆንን አንድ ጋቢ እንለብሳለን። አተሞችም እንዲሁ ኤሌክትሮን ተጋርተው ይተሳሰራሉ አለን። በውሃ ውስጥ ግን ኦክስጅን ጋቢውን ወደ ራሱ የሚጎትት ክፉ የመኝታ ጓደኛ ነው ሲለን፣ ሁላችንም የምናውቀውን ጎታች ዞረን አየንና ሳቅን። የሳቅንበት ቀን ብዙ አይደለም።

ትምህርቱን ከሁላችንም ይበልጥ የወደደው ተማሪ ከቀጨኔ የመጣው ሸማኔ ነበር። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉልበት ሰብሮ ጨውና ውሃ እንደሚሆኑ የሰማ ዕለት፣ ያንኑ ሲደግምልን ዋለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ላይ ኖራ የመበተኑ ተራ ለሸማኔው ደረሰው። ጆንያውን ሲያራግፍ ነፋሱ ዱቄቱን ፊቱ ላይ መለሰበት። ሁለት እጁን ዓይኑ ላይ ጭኖ እየተደናበረ ገባ። ኖራ ቤዝ ነው፣ ሎሚ አሲድ ነው፣ ሎሚ ስጡኝ እያለ ይለምናል። ለአንዱ እስረኛ ከቤቱ ከስንቅ ጋር የመጣለት ሎሚ ነበር። በጥርሱ ቦጭቆ ሊጨምቅለት ሲል መምህሩ እጁን ያዘው።

«እሱ ለላቦራቶሪ ጠርሙስ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ይግላሉ፤ ሎሚው ራሱም ያቃጥለዋል። ለዓይን ውሃ ብቻ ነው። ብዙ ውሃ።»

ብዙ ውሃ ከየት ይምጣ? የዕለቱ ውሃ ጠዋት ተከፋፍሎ በየሰው ጣሳ ተቀምጧል፤ እስከ ማግስቱ ሌላ አይገባም። መምህሩ የራሱን አነሣና የሸማኔውን ራስ ጭኑ ላይ አስተኝቶ ማፍሰስ ጀመረ። ወዲያው አለቀ። ማንም አልተነሣም። ቆይተው አብረውን የታሰሩት ባለሱቅ ሐጂ ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ፣ ያስቀመጡትን ይዘው መጡ።

«እኔ በአፈር ተየሙም አደርጋለሁ» አሉ። «ለዚህ ልጅ ግን ዓይኑ እንጀራው ነው።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን ያቀብል ጀመር። መምህሩ ሳያቋርጥ፣ ሳይቸኩል አፈሰሰ፤ የመጨረሻው ጣሳ ሲደርቅ ሸማኔውን ደግፎ አስቀመጠውና ዓይኑን በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነለት።

ሊመሽ ሲል አብዮት ጠባቂው በሩን ከፍቶ የመምህሩን ስም ጠራ። ዕቃህን ተው አለው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሐጂ የመምህሩን ከንፈር መድረቅ አይተው ጣሳቸውን አዘነበሉ፤ ጠብ የሚል አልነበረም። ሌሎቻችንም ጣሳችንን አየን። ለሞት ለሚወጣ ሰው አንድ ጉንጭ ውሃ አጣን። እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም።

እሱ ግን ጋቢውን አውልቆ ለሸማኔው አለበሰውና አጠገቡ ተንበረከከ። ጨርቁን ገለጥ አድርጎ እጁን ፊቱ ላይ ዘረጋ።

«ስንት ጣት ነው?»

ከበሩ ብርሃን ይገባ ነበርና እኔ በደንብ አየሁ። ሦስት ነው። ሸማኔው ያበጡ ዓይኖቹን ወደ ድምፁ አቀና።

«ሁለት» አለ።

መምህሩ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። «ትክክል። ድነሃል» አለውና ጨርቁን መልሶለት ወጣ።

አልተመለሰም። የት እንደተቀበረ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አያውቅም።

የሸማኔው ግራ ዓይን ጠፋ፤ ቀኙ ተረፈለት። በእርጅናውም ሽሮ ሜዳ ቁጭ ብሎ ይሸምናል። በቀደም ልጠይቀው ሄጄ ስናወራ እጁ ድንገት ሥራውን አቆመ።

«ያኔ እኮ ምንም አይታየኝም ነበር» አለኝ። «ደስ ብሎት ይሂድ ብዬ ገምቼ ነው። እግዜር ይመስገን፣ ልክ ሆነልኝ።»

«አዎ፣ ሁለት ነበር» አልኩት። መምህሩ ሰጥቶት የሄደውን እኔ አልነጥቀውም።