ተጠባባቂ ያጣው ኮንትሮለር

ሉጥፊ የተወለደው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። አባቱ በሰባ ሰባቱ ድርቅ በመተማ በኩል ተሻግረው፣ ሱቅ ከፍተው እዚያው የቀሩ የጎንደር ሰው ነበሩ። ለእሱ ግን ንግዱ አልሆነለትም። ኤሌክትሪክ ተምሮ ከከተማው ዳር ካለ የሰሊጥ ዘይት ፋብሪካ ተቀጠረና የእንፋሎት ቦይለሩን ይቆጣጠር ጀመር። ሚስቱ ሀዲያም ከቦይለሩ ቤት ጀርባ ባለው መጋዘን ከሌሎች ሴቶች ጋር ሰሊጥ ታበጥራለች።

ቦይለሩን የሚያዙት ኮንትሮለር የሚባሉ ሁለት የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያዎች ነበሩ። አንዱ ይሠራል፤ ሌላው የመጀመሪያውን እግር በእግር እየተከተለ ይጠብቃል። ዋናው ቢሞት ተጠባባቂው ወዲያው ይተካዋል፤ እሳቱም ውሃውም አይቋረጥም።

የሱዳኑ ጦርነት ከመጣ ወዲህ መብራት ሄድ መለስ ሲል ከርሞ አንድ ቀን ዋናው ተቃጠለ። ተጠባባቂው ተረከበ። ሠራተኛው ማሻአላህ እያለ አጨበጨበ። ሉጥፊን ግን ፍርሃት ያዘው፤ ከእንግዲህ ከኋላ የሚቆም የለም።

ወደ ኃላፊው ሄደ። «ሀጅ እስማኤል፣ መለዋወጫው እስኪመጣ ቦይለሩን እናቁመው።»

«ሉጥፊ፣ ወላሂ እኔም ፈርቻለሁ» አሉት። «ግን ከፖርት ሱዳን መቼ እንደሚደርስ አላህ ይወቅ። ፋብሪካው ከቆመ ይህ ሁሉ ሰው ምን ይበላል? አንተ ብቻ ዓይንህን አትንቀልበት።»

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አለው። ድሮን መጣ ሲባል ሌላው ሰው ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል፤ እሱ ስክሪኑ ላይ ያፈጣል። ሀዲያን «ሥራውን ተይው» ቢላት፣ «አንተ እዚያ ቆመህ እኔ ቤት ቁጭ ልበል?» አለችው።

አንድ ቀን ከቀትሩ የዙህር ሶላት ተመልሶ ተቀመጠ። ስክሪኑ ውሃው ግማሽ ነው ይላል። ቆይቶ አየ፤ ያው ግማሽ። እሳቱ ይነዳል፤ የውሃው ፓምፕ ድምፅ ግን ከተሰማ ቆይቷል። ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ኮንትሮለሩ ባለበት ደርቆ ቀርቷል።

ሮጦ ወደ ቦይለሩ ወጣ። የውሃ ማሳያው መስታወት ባዶ ነው። እሳቱን የሚመግበውን የናፍጣ ቧንቧ በእጁ ዘጋ።

«ሀዲያ! ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!»

ሴቶቹ ወንፊታቸውን እየጣሉ ተራወጡ። የሉጥፊ እጅ ሳያስበው ወደ ውሃው ቧንቧ ተዘረጋ። ወዲያው ክው አለ። በጋለ ባዶ ብረት ላይ ውሃ ከገባ በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ቦይለሩን ይበታትነዋል። እጁን ሰበሰበ። ሀጅ እስማኤል እያለከለኩ ሲደርሱ ክንዳቸውን ይዞ ከቦይለሩ ቤት ግንብ ኋላ ጎተታቸው።

እዚያ ተቀመጡ። ብረቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ቋ፣ ቋ ይላል። ቋ ባለ ቁጥር ሉጥፊ ዓይኑን ይጨፍናል። ሀጅ እስማኤል እጁን ጭምቅ አድርገው ይዘው ዱዓ ያደርጋሉ። ከግቢው በር ማዶ ሀዲያ ስሙን እየጠራች ታለቅሳለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የብረቱ ድምፅ ጠፋ።

ሰው አልተጎዳም። የቦይለሩ ቱቦዎች ግን ተቃጥለው ፋብሪካው ክረምቱን ተዘጋ። ሴቶቹ ለአረም ወደ ፋሽጋ እርሻዎች ወረዱ። ሀጅ እስማኤል ቱቦዎቹ ከተጠገኑም በኋላ ሁለት አዲስ ኮንትሮለሮች እስኪደርሱ ድረስ እሳት አላስነሱም።

ሉጥፊ ሲጠሩት ተነሣ። ሀዲያ ደጃፍ ድረስ ሸኘችው።

«ትፈራለህ?»

«በጣም» አላት።

ሠራተኛውን ሁሉ ከግቢ አስወጣ። ቦይለሩ እየሠራ ሳለ ላቡ እየተንጠባጠበ ተጠባባቂው ይተካው እንደሆነ ለመፈተን ዋናውን ኮንትሮለር በገዛ እጁ አጠፋው። የውሃው ፓምፕ ሳያቋርጥ ሲያጉረመርም ሰማና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።