የቅምሻ ልምምዱ ያመጣው ጣጣ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ሰው ጠጅ በመትፋቱ ሽማግሌ ተላከ። አልቀለድኩም!

እኛ የሰፈር ማኅበርተኞች ዝዋይ ወርደን የወይን እርሻ ልናይ፣ ወይን ልንቀምስ እያሰብን ነው። "ቅምሻ ማለት ተጉመጥምጦ መትፋት ነው" ብዬ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። (ምነው አፌን በያዝኩ!)

ወይን ስላልነበረ ጎረቤታችን እትዬ የሺ ቤት፣ በእሳቸው ጠጅ ተለማመድን። ሁላችንም አማትበን ዋጥነው። ዝዋይ ድረስ የሚነዳልን ጌታሁን ብቻ ለመትፊያ ያስቀመጥነው ባልዲ ውስጥ እንትፍ አለው።

ጌታሁን ደግሞ የእትዬ የሺ ልጅ እጮኛ ነው።

እትዬ ብድግ አሉ። "በእጄ የጣልኩትን ጠጅ? እዚሁ ፊቴ? ለዚህ ነው ልጄን የምሰጠው?"

ሽማግሌዎቹ ለምነው ለምነው አስታረቁ። እትዬ ግን፣ "ዝዋይም ሄዶ አንዲት ጠብታ እንዳይተፋ! በሰው አገር የሚያዋርደኝ አማች አልፈልግም" አሉ።

"ታዲያ እሱ ከዋጠ ማን ይነዳል፣ እትዬ?"

"እኔ የፈለግኩት አማች ነው። ሹፌር የፈለጋችሁት እናንተ!"

ጌታሁን ላይተፋ ምሎ ታረቀ። ሠርጉ ተረፈ፤ እኛ ግን ሹፌር የለንም።

መንጃ ፈቃድ ያለው፣ አማት የሌለው ሰው የምታውቁ ጠቁሙን። እናንተስ፣ አማታችሁ ፊት ምን ጉድ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? አውሩን እስቲ።